ሜዳ ላይ

(ዲያቆን ኢድዋል፣ ከደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ካንዱ)

የጸሎት ቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው ያለው፤
ዝገቱን በዘይት እኔ ነኝ የማብሰው።
እሑድ አራት ሰዓት ደወሉን ስጎትት
ዘጠኝ ሰው ይመጣል፤ ዝናብ ካለ ስምንት።
ዱሮ ሰገነቱ ሰው ጠግቦ ያቃስት ነበር፣
የከሰሉ ጉድጓድ አፉ ሳይደፈን፣ ሳይበተን ሰፈር።

ቅዳሜ ግን ያው ሕዝብ፣ ከዚያው ከሸለቆ፣
ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አጥልቆ፣
ቁልቁለቱን ይወርዳል ወደ ራግቢው ሜዳ፣
በዶፍ በበረዶ ቀጠሮ የማይከዳ።

መጀመሪያ ሰሞን ቀናሁ፤ አልዋሽም።
«ጣዖት ነው» ብያለሁ፣ አትሮንስ ተደግፌም።
ስለ ወርቁ ጥጃ ሰብኬም አውቃለሁ፤
ከዘጠኙ ምእመን ስድስቱ ኪስ ውስጥ ትኬት አይቻለሁ።

ሃዌል ነው የወሰደኝ፤ ጎረቤቴ ሃዌል፣
ሳንባው ሠላሳ ዓመት ሲጠጣ የኖረ ከሰል።
«ትፈርድ የለም ወይ? እንግዲያ ናና እየው፤
ከማውገዝህ በፊት ስም ስሙን ለየው።»

ቆምኩ ከመስመሩ ዳር፣ ውኃ ጠጥቶ ካፖርቴ፤
ከወዲያኛው ጥግ አንድ ድምፅ ተነሣ፣ የሚያውቀው አንጀቴ።
መዝሙር ነው። የኛ ነው። እናቴ ስትሞት የዘመርነው።
ሦስት ሺህ ጉሮሮ፣ ቢራ ቢራ የሚሸተው፣
በአራት ድምፅ ከፍሎ ወደ ላይ ወረወረው።
እኔ ቤት አቧራ የለበሰው መዝሙር
እዚህ እርጥብ ነበር። ሕያው ነበር።
ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ግን ጠፋቸው፤
«ላ ላ» አሉ። ብቻዬን ቀጠልኩላቸው።
ሃዌል ዞሮ አየኝ። ምንም አልተናገረ።
ከዚያ ወዲያ ቅዳሜዬ የሱ ሆኖ ቀረ።

ደግሞ ቡድናችን! ቡድን ቢሉት ቡድን!
አርባ ለሦስት፣ ሃምሳ ለባዶ፣ እንደ ገለባ ሲበተን።
ክረምቱን በሙሉ ድል የሚባል ሳናይ
ሃዌል ሰኞ ጠዋት ተሰልፎ ነበር፣ ትኬት መስኮቱ ላይ።

ያን ያን ሳስብ አንድ ማታ መጽሐፌን ገለጥኩኝ፤
ከዓርቡ ገጽ ስደርስ በራሴ አፈርኩኝ።
ጌታ በተሸነፈ፣ ሰው ሁሉ እንደመሰለው፣
የት ነበር ጴጥሮስ? እሳት ይሞቅ ነበር፤ «አላውቀውም» ያለው።
እስከ መጨረሻው ፉጨት ከእግረ መስቀሉ የቆሙ
ሴቶች ናቸው፣ አንድ ወጣት፤ ያልሸሹ፣ ያልደከሙ።
ሃዌል በዚያ ቢኖር (ስድብ አይሁንብኝ)
ሻርፑን እንዳጠለቀ ሲቆም ይታየኛል፤ ይህችን አትንፈጉኝ።

በመጋቢት ሞተ።
ሚስቱ ኤሉነድ መጣች፤ ደጃችንን ረግጣ የማታውቅ።
አመዱን በብስኩት ቆርቆሮ ይዛ ቆመች።
«ክለቡ አይሆንም አለ፤ ሣሩን ያቃጥላል።
አንተ ጸሎት አምጣ፤ አጥሩ ቀዳዳ አለው፣ ሌሊት ያሳልፋል።»

ሌሊት ሾለክን፤ ሁለት ያረጀን ሌባ፤
ሽቦው ቀሚሷን ይዞ ቀደደው ስንገባ።
ሁለቱ ምሰሶ ከነአግዳሚያቸው በጨለማው ቆመው
መስቀል መሰሉኝ። አይደሉም። አውቃለሁ፤ ማንም አልሞተባቸው።

ምን ብዬ ልጸልይ? ምሰሶው አይማልድ፣
ሜዳው ሙት አያስነሣ፣ ውጤት ሰሌዳው በምሕረት አይፈርድ።
ባላንጣን መውደድም እዚህ አልተጻፈ።
ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እጄ ግን አመዱን ዘግኖ ዘረገፈ።
ሁለተኛውን አንቀጽ፣ ያንን የረሱትን፣
በሹክሹክታ ዘመርን፤ ዘበኛው እንዳይሰማ አፍነን ሳላችንን።

«ሜዳ ላይ ጣልኩት» አለች፣ ስንወጣ እያለቀሰች።
የምመልሰው ሳጣ፣ የራሷን ቃል ሰምታ፣ በእንባዋ መሃል ሳቀች።

እሑድ ደወል ደወልኩ። ዘጠኝ ሰው ነው ያልኩት?
አሥረኛዋን ከኋላ ወንበር፣ በቀይ ሻርፕ፣ አየኋት።
ስብከቴን ዘለልኩና መዝሙሩን አስጀመርኩ።
ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ለራሴ ጠፋኝ። ቆምኩ።

እሷ ቀጠለችው።