ከኤስ ወዲህ፣ ከኤስ ወዲያ

ዳንግላ ላይ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣
የንብ አናቢዎች ማኅበር አዲስ ቤት ሲገነባ፣
ታፔላውን ጽፌ የሰቀልሁት እኔ፤
አማርኛው በቃሌ፣ እንግሊዝኛው ባይኔ፤
ፊደሉን እንደ ሥዕል አንድ ባንድ አይቼ
ሊቀ መንበሩ ከሰጡኝ ብጣሽ ላይ ቀድቼ።

ሰኞ ለታ መጣች መምህርት ትርንጎ፣
መነጽሯ ወርዶ፣ ዓይኗ ስሕተት ፈልጎ።
«ስንሻው፣ ይች ጭረት ቦታዋን ስታለች።»
የቷ ጭረት? ለኔ የዝንብ ኩስ ነበረች።

«አፖስትሮፍ ነው ስሟ። የማን ነው ላለ ሰው፣
ከኤስ በፊት ስትቆም፣ ንብረቱ ያንድ ሰው ነው፤
ከኤስ ኋላ ስትሆን፣ የሁሉም ነው፣ ያገር ነው።
አንተ ከፊት ሰቅለህ፣ መቶ አርባ አናቢ
ካንድ ሰው ቀፎ ውስጥ አጉረህ ከተትሃቸው።»

ሳቅሁ። እንዴትስ አልስቅ?
የኛይቱ «የ» ገና ከደጅ ትቆማለች፣
ቃሉ ሳይገባ «የማን ነህ?» ትላለች፤
አንድም ሆነ ብዙ፣ ቦታዋን አትለቅ።

«አባትህ መሬት አላቸው?» አለች።
«ነበራቸው፤ ዱርቤቴ፣ ከወንዙ ማዶ።
ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት ያመላለሳቸው
አንድ የድንበር ድንጋይ ነው፣ በሌሊት ክንድ ተራምዶ።»
«ይኸው ነው» አለችኝ፤ ሌላም አልጨመረች።
መሰላል አቆምሁ። ከሥር ይዛልኝ ቆመች።

ነጭ ቀለም ነክሬ አሮጌዋን ሸፈንሁ፤
ከኤስ ወዲያ ማዶ አዲሲቱን ተከልሁ።
ሊቀ መንበር ጥጋቤ ከደጅ ብቅ አሉና፣
«ለአንዲት ነጥብ» አሉ፣ «ሁለት ሰው መሰላል?
ማሩ ያው ማር አይደል? ቀፎው ያው ይመስላል።»
መጋዘኑ አንድ ቁልፍ አለው፣ እሱም እሳቸው ጋር፤
ዓምና የት ገባ እንጃ ያ ሁሉ ነጭ ማር።

ክረምት ገባ።
የዳንግላ ዝናብ ለቀለም አያዝንም።
ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነጩ ታጥቦ ወርዶ፣
አሮጌዋ ጭረት ብቅ አለች ከወዲህ፤
አዲሷም አልጠፋች፣ አለች ከኤስ ማዶ።
ይተያያሉ እንደ ሁለት ድንበርተኛ፤
ኤስ መሐል ቆሟል፣ ጎባጣ ዳኛ።

«መምህርት፣ አሮጌዋን ልሸፍናት አሁን?»
ዓይኗ ከመጋዘኑ ጓጉንቸር አልተነሣም።
«ቆይ» አለች፤ «መጀመሪያ ቁልፉ ብዙ ቁጥር ይሁን።»