የኋላ ወንበር

መጋቢት ነበረ። ዝናብ ጠረኑን ልኮ ራሱ የቀረበት፣
ከአጂፕ ሄርማታ በሦስት ብር ሂሳብ የምመላለስበት።

"ገባ" አለ ሬድዮው።
ማን ገባ? አላለም፣ ከኋላ የነበረው ሁሉ ዝም አለ፣
ትንፋሹን ሰብስቦ አንዱ ካንዱ ራቀ፣ ወደ በር ዘመመ፣ ታጠፈ፣ ሾለለ።
መሃል ያለው ጎልማሳ ሳሉን እንደ ኪኒን ያለ ውሃ ዋጠ፤
ዐይኑ እንባ አቀረረ፣ ፊቱ ተለወጠ።
ሂሳቡን ወርውሮ ገና ሳንደርስ ወረደ፣
እየሳለ ሄደ፤ መንገዱም ለሁለት ተከፍሎለት ሄደ።

በማግስቱ ገበያው ሌላ ሰው ሆነ።
እትዬ አስካለ፣ ሎሚ በመደብ የምትሸጠው፣
"ስንት ነው?" ሲሏት
"ትናንት ነበር መጠየቅ፤ ዛሬማ እኔም አላውቀው።"
ነጭ ሽንኩርት ጠፋ። ዝንጅብል ኮበለለች።
ፌጦ እንኳ፣ ያቺ ፌጦ፣ "አንቺ" የሚላት አጥታ "እርስዎ" ተባለች።

ሐጂ ነስሩ ሱቃቸው ደጃፍ ጀሪካን ሰቀሉ፣
ቧንቧ ገጠሙለት፣ ሳሙና በገመድ አንጠለጠሉ።
በሦስተኛው ቀን ሳሙናው ሄደ፤ ቀረ ገመዱ።
"መቼም የሰረቀው እጁ ንጹሕ ነው" ብለው ሌላ አወረዱ።

ሰላምታ ግን ከሁሉ ጨነቀን።
እጅ እየሳመ ያደገ ሰው እጁን የት ያስቀምጠው?
በክርን ተጋጨን፣ ሳቅን።
በእግር ተነካካን፤ ሸምሱ "ፋውል ነው!" ብሎ ጮኸ፣
ደግመን ሳቅን፤
ሳቁ ግን ከወትሮው ቶሎ አለቀ።

ከኪቶ ተማሪው ፍራሹን ተሸክሞ ወደ መናኸሪያ ወረደ።
ትራፊኩ አዘዘን፦ ከኋላ አንድ ሰው ብቻ።
እኔም ማታ ማታ ብሩን በረኪና እነክራለሁ።
አንዲት አስር ብር ነጥታ ወጣች፤
ንጹሕ ሆነች፣ ዋጋዋም አብሮ ታጠበ።
ሚስቴ ገመድ ላይ ከልጁ ካልሲ ጎን አሰጣቻት።

አንድ ማታ ታዲያ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ፣
ሲትና እጇን ዘረጋች።
አውቃታለሁ። ጽዳት ናት። ስድስት ዓመት ሙሉ
ቆጪ አድርሻታለሁ፤
ሲጎድልባት "ነገ" የምትል፣ ነገም የማትረሳ።
ልጄ በትኩሳት የነደደ ለታ
መጥረጊያዋን ጥላ ዶክተር ፍለጋ የሮጠች።
ሰማያዊ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ይዛለች፣
ጉንጯ ላይ የጭምብሉ ክር ያሰመረው መስመር አለ።

ፍሬኑን ረገጥኩ፤ ግን ሙሉ አልረገጥኩም።
"ሞልቷል" አልኳት።
ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

እሷም አየች።
ወንበሩን አየች፣ ባዶነቱን አየች፣ እኔን አየች።
አልተሳደበችም።
በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች፣
ለእኔ ብላ፣
አንድ እርምጃም ወደ ኋላ ሄደችልኝ።
በመስታወቱ ውስጥ አነሰች፣ አነሰች፤
አዌቱ ድልድይ ስደርስ መስታወቱ ጨለማ ብቻ ነበር።

ቤት ገባሁ። እጄን ታጠብኩ። ደግሜ ታጠብኩ።
"ዛሬስ ማንን አሳፈርክ?" አለች ሚስቴ፣ እንደ ሁልጊዜው።
ቃሏን በሁለት ወገኑ ሰማሁት፣
በየትኛው እንደምመልስ ጨነቀኝ።
"ሲትናን" አልኳት።
"እሰይ፣ ደግ አደረግህ" ብላ ውሃውን ደፋችው።

ይኸው ዛሬ አምስተኛ ቀኔ ነው፤
ሲመሽ ሆስፒታሉ በር ላይ ሞተር አጥፍቼ እቆማለሁ።
ዘበኛው ከሩቅ ሆኖ "ተረኞቹን አያስወጧቸውም" ይለኛል፣
ሌላ ጊዜ ደግሞ "በእግሯ ስትሄድ አይቻት መሰለኝ" ይላል፤
እሱም ጭምብል አድርጎ ቃሉ አይለይም።
ሰው ይመጣል፣ አንገቱን ያስገባል፦
"ቆጪ ነህ?"
ወንበሩን ዞሬ አያለሁ፤
ጠዋት በሳሙና ያጠብኩት ገና አልደረቀም።
"ሞልቷል" እላለሁ።