የጋሽ እርገጤ ትርጉም

አቃቂ፣ ከክር ፋብሪካው ጀርባ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ በጸሐይ ነዶ፣
መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ አንድ ጠባብ ቪዲዮ ቤት፣
መግቢያው ስሙኒ፣ የላብና የጎማ ጫማ ሽታ ያለበት።

ቅዳሜ ማታ ካውቦይ ነው። ከፈረቃ የወጣው ሁሉ
ብናኝ ጥጥ እንደ ሽበት ነስንሶ በጸጉሩ ሙሉ፣
እግሩን ሰብስቦ ይቀመጣል፣ አግዳሚው ላይ ተጠጋግቶ፤
እኔም በአባቴ ካፖርት ሥር፣ አፍንጫዬ ሱፉን አሽትቶ።

ጋሽ እርገጤ ነው ተርጓሚው፤ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ፣
በእጁ አንድ ቀርከሃ፣ በትከሻው አሮጌ ሸማ።
እንግሊዝኛ? አንዲት አያውቅም። የቆሎ ተማሪ የነበረ፣
ዳዊት ደግሞ፣ ቅኔ ጀምሮ፣ ኋላ ዘበኛ ሆኖ የቀረ።
ሰዎቹ ሲያወሩ አፋቸውን ያያል፣ ጥቂት ያደምጣል፣
ከዚያ በቀርከሃው እየጠቆመ ከልቡ ቃል ያወጣል፦

«ይኼ ባለ ጥቁር ባርኔጣ ነፍሱን ለገንዘብ የሸጠ፤
ይኼኛው፣ ጢሙ ያደገው፣ ቤቱ ተቃጥሎ ያመለጠ።
ወንድሙን ገድለውበታል። አሁን ፈረሱን ያጠጣል፤
አያችሁ? ከራሱ በፊት! ወንድ ከእንስሳው ኋላ ይጠጣል።»

አንዳንዱ ሳቀ። ጋሪ ነጂው ጫንያለው ግን ዝም አለ፤
በማግስቱ እሱ ሳይጠጣ ፈረሱን ሲያጠጣ ያየው አለ።

አባቴ አይስቅም። ያን ሰሞን ቃሉን ዘግቶ፣
ጎረቤታችን ሽብሩ አጥሩን በሌሊት ሦስት ክንድ ገፍቶ፣
ቀበሌ ቢሄድ ቀጠሮ፣ ሽማግሌ ቢልክ ስላቅ።
ካፖርቱ ሥር ያለውን ብረት ከእኔ ጉንጭ በቀር ማን ያውቅ?

ፊልሙ ሊያልቅ ደረሰ። ጢማሙ ጠላቱን አገኘ፣
በደረቀ ጉድጓድ አፋፍ፣ ቆስሎ፣ ውሃ እየተመኘ።
እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ፣ ጣቶቹ ሲዘረጉ ቀስ ቀስ፣

መብራት ጠፋ።

ቤቱ አበደ። ፉጨት፣ ስድብ፣ «ስሙኒያችንን መልሱ!»
«ተኮሰበት?» «ሳተው?» ይሉታል፣ ያየው ይመስል እሱ።
በርጩማው ሲጥጥ አለ። ጋሽ እርገጤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽጉጡን አወጣ» አለን፣ ዝግ ብሎ፣ እንደ ጸሎት፤
«አወጣና፣ አየው፣ ከበደው፤ መለሰው ወደ አፎት።
ፈርቶ እንዳይመስላችሁ፤ ፈሪ ነው ቶሎ የሚተኩስ።
በዚያች በአትክልቱ ሌሊት፣ ጌታ የተቆረጠ ጆሮ ሲፈውስ፣
ሊይዘው የመጣውን ነው፣ የባላጋራውን፣ ገባችሁ?
ይኼም ኮዳውን ፈታ፤ በባርኔጣው ቀዳለት፣ አያችሁ?»

ምንም አናይም ነበር። እኔ ግን ጠላትየው ሲጠጣ ሰማሁ፤
ወይ ጫንያለው ይሆናል ምራቁን የዋጠ፣ እንጃ፣ ልጅ ነበርሁ።

በመንገድ አባቴ አልተናገረም። ካፖርቱን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ፤
በማግስቱ በዚያው ገጀራ ለእናቴ እንጨት ሲፈልጥ ዋለ።

ሦስቱን ክንድ ሽብሩ አልመለሰም፤ አጥሩ ቆሟል እስከ ዛሬ።
ግንቦት ላይ ቧንቧው ተዘጋበት። ባልዲ ይዛ ልጁ ብርሬ
ሰፈሩን ስትዞር አባቴ አያት። ጎማውን ስቦ
በአጥሩ ላይ ወረወረው። ቃል አልተናገረም።
ውሃው ወዲያ ማዶ ባልዲ ሲመታ፣ ቆሞ አላደመጠም።

አሁን እንግሊዝኛ አውቃለሁ። ያን ፊልም ፈልጌ አገኘሁት፤
በዘንድሮ ጾም፣ ብቻዬን፣ ድምፁን ቀንሼ አየሁት።
ፈረሱን ያጠጣል፣ እውነት ነው፤ ያ ከጋሽ እርገጤ አልተጨመረም።
ከጉድጓዱ አፋፍ ላይ ግን ኮዳ የሚባል ነገር አልነበረም።
ተኮሰ። ሦስት ጊዜ። ባርኔጣውን አስተካክሎ
ሄደ፤ ሙዚቃ ተከተለው።

ወደ ኋላ መለስኩት። ጣቶቹ ሲዘረጉ ቀስ ቀስ፣
አጠፋሁት።
በጨለማው ተቀመጥሁ፣ በርጩማው ሲጥጥ እስኪል ድረስ።