የነቃ መስኮት

ሐምሌ ነው፣ ሞጣ ላይ፤ ቆርቆሮው ይጮሃል፣
የእድሩ መዝገብ ግን እኔን ይጠብቃል።
ማን ወር ወሩን ከፈለ፣ ማን ሳይከፍል አለፈ፣
ማን ወንበር ተዋሰ፣ ማን ከእኛ አረፈ፤
ሁሉን በአንድ ሳጥን አኑሬው ነበረ፣
ሳጥኑ ግን ዛሬ ጥቁር ለብሶ አደረ።
ዊንዶውስ ነው ስሙ፤ መስኮት እለዋለሁ፣
ከፍቼ በእርሱ በኩል የሄዱትን አያለሁ።

በቀኝ በኩል ከታች፣ ደብዘዝ ባለች ጽሑፍ፣
እንደ አበዳሪ ሰው በር ላይ እንደሚያርፍ፣
«መስኮትህ አልነቃም፤ ግባና አንቃው» ይላል፤
በእጄ ብሸፍነው በጣቴ ሥር ያያል።

ጥሩአየሁ ከጓዳ «ምን ሆነ?» አለችኝ።
«አልነቃም» ብላት ጊዜ ሳቀችብኝ፦
«እንስራም ሲነቃ ውሃ ነው የሚፈሰው፤
ያልነቃ ዕቃ ይዘህ ምን ያስለቅስሃል፣ አንተ ሰው?»
የሚስቴ ሰሙ ገባኝ። ወርቁ ግን ዘገየ።

ነገሩስ እንዲህ ነው፤
ጥቅምት ላይ እንየው፣
ሱቁ ከመናኸሪያው አጥር ጎን ያለው፣
በመቶ ሃምሳ ብር ሰብሮ ነው ያነቃው።
«ሕጋዊ ነው?» ብለው ከንፈሩን መጥጦ፣
«ቁልፉ ጡረታዎን ይውጣል አላምጦ።»
አፕዴት የሚሉት አንድ ሌሊት መጣ፣
የተሰበረውን ቆጥሮ አስወጣ።

ሃያ አምስት ምልክት፣ አምስት አምስት ሆኖ፣
እውነተኛ ቁልፍ ልጄ ላከ አዝኖ።
«አዲስ ይጫን» አለኝ። ፍላሹን ሰካሁት፣
ኤፍ አሥራ ሁለትን ደጋግሜ አንኳኳሁት።
(መዝገቡን ቀድሜ ሌላ ጋ አስቀምጫለሁ፤
ሙታንን ሁለት ጊዜ መቅበር እፈራለሁ።)
«በዚህ ክፋይ መሬት አልቀመጥም» አለ፣
ዲስኩን እንደ ርስት ዳግም አስከፋፈለ።

ስድሳ ሦስት በመቶ። እዚያ ላይ መብራት ሄደ፤
እንደ ሰባራው ድልድይ መካከሉ ተናደ፤
ወዲህ ዳሩ ቆሟል፣ ወዲያ ዳሩ ቆሟል፣
ገመድ የሚጥል ሰው በዚህ ዝናብ ከየት ይገኛል?

በሦስተኛው ሌሊት ተጫነ።
ቁልፉን አስገባሁ መነጽሬን ጠርጌ፣
ቢን ከስምንት ለይቼ፣ ጂን ከስድስት ፈልጌ።
አልሆነም።
ደገምሁ። አልሆነም።

ያን ጊዜ ቀኑን አየሁ፣ ጥግ ላይ ተጽፎ፣
የጃንዋሪ መባቻ፣ ስንት ዘመን አልፎ።
በእርሱ አቆጣጠር ልጄ ገና ይድሃል፣
ጎረቤቴ ዳምጤ ደጁ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፤
የእድሩ ድንኳን ታጥፎ ተቀምጧል፣
ያ ሁሉ የቀበርነው ሰው ቆሞ ይሄዳል።
ላስተካክል ስል እጄ ሳሳ።
ከዚያ አስተካከልሁ። አጥፍቼ ባበራው
ረሳ፤
ተመልሶ ገባ ወደዚያው ዘመን።

ባንቴ ሰዓት ሠሪው፣ በተጣፈ ጃንጥላ ሥር፣
የማሽኑን ሆድ አይቶ፣ «ይህች ናት ሁሉ ነገር፤
የሞተችው ልቡ ናት» አለና፣ በወረንጦ
ሳንቲም የምታህል ባትሪ አወጣ ፈልቅጦ።
አዲሷን አስገባ፤ ብሩን ተቀበለ፤
«ዘመኑን ላላወቀ ምን ቁልፍ አለው?» አለ።

ማታ ዝናቡ አባርቶ ነበር።
ቁልፉን መታሁ። ትንሽ ዞረ፣ አሰበ፤
ጥቁሩን አወለቀ።
ጥሩአየሁ ብቅ ብላ «እህሳ?» አለች ከበር።
«ነቃ» አልኋት፣ ሳልዞር።
«ምኑ ፈሰሰ ታዲያ? ይዞት የኖረው ምን ነበር?»

መልስ አልሰጠኋትም። መዝገቡን ከፈትሁ፣
ከዳምጤ ስም ፊት ለፊት ባዶውን ሞላሁ፣
ሰኔ ሃያ ሦስት፣ በእኛው አቆጣጠር፤
ከዚያ መነጽሬን
እንደገና ጠረግሁ።