ችካል ሠላሳ አንድ

ስንዴ ዓይን አፋር ነው፤ በሩን ዘግቶ ይድራል፣
ከገዛ ቤቱ ሰው፣ ከራሱ ይጋባል።
ንብ አይጠራበትም፣ ሽታ አይነዛም ለነፋስ፣
ሠርጉ ያልቃል በጓዳ፣ እልልታው ሳይደርስ።

እኔ ነኝ እንግዲህ ያልተላከች አማላጅ፣
በጥር ማለዳ፣ ዘንዘልማ፣ ተንበርክኬ ከትልሙ ደጅ፣
በወረንጦ ጫፍ፣ ትንፋሼን ውጬ፣
ሦስት ለጋ ነቁጥ ከእያንዳንዷ አበባ አውጥቼ፣
ወንዱን የነሣኋትን ዛላ በወረቀት እሸፍናለሁ፤
ሦስተኛው ቀን ላይ ሌላ ሙሽራ አመጣለሁ።

እናቲቱ ከአቶ ይርሳው ጎተራ የመጣች ናት፣
በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ፣ በታንኳ ከማዶ ያሻገራት።
ረጅም፣ ጥቁር ጢም፣ ዳቦዋ የሚሸት ከሩቅ፣
ዋግ የመጣ ለት ግን አንድ ሳምንት የማትዘልቅ።
አባትየው አጭር፣ ቁጥር እንጂ ስም የሌለው፣
ዋግ እንደ ዝናብ ቢወርድ ቅጠሉን የማይነካው።
ዳቦው ግን... ዳቦው እንደ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤
ይነበባል እንጂ አይጠገብም።

ሰው ሰባት ቤት ይቆጥራል ዘመዱን እንዳያገባ፤
እኔም ሰባት ቆጠርኩ፣ ግን ወደ ፊት፣ ከአበባ ወደ አበባ፤
የልጅን ልጅ ከራሱ፣ ደግሞ እንደገና ከራሱ፣
ወንድም ወንድሙን እስኪመስል በቁመቱ፣ በጢሙ፣ በጥርሱ።
ከሦስት ሺህ ሦስት መቶ ቀረ፤ ከሦስት መቶው አርባ።

ሊጡን በቧንቧ ውሃ ሳጥበው፣ ነጩ ሲወርድ በጣቴ መሐል፣
የቀረው ሙጫ ይለጠጣል፣
ይለጠጣል፣ አይበጠስም፤
ባንቺአምላክ ከሚዛኑ ኋላ «ይኼማ ጎማ ነው!» ትስቃለች፤ አትጽፍም።

ይርሳው ግን በየዓመቱ መጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ያነሣል፤
ዋጉን አይጠይቅም፣ የኩንታሉን ቁጥር ይንቃል፣
ጎንበስ ብሎ አገዳውን ይሰብራል፣ ያኝካል፣ ይተፋል፦
«ገለባውስ? በሬዬ ይበላዋል?»

በቅጼ ላይ ለገለባ ዓምድ የለም።
በሬ የሚያማክር ቀመር አልተማርኩም።
«ይበላዋል መሰለኝ» አልኩት።
«መሰለኝ» አለ። ባርኔጣውን አጠለቀ። ሄደ።

የካቲት ሃያ ሁለት ሌሊት፣ ጨረቃ በሌለበት፣
ጉማሬ ወጣ ከሐይቁ፤ አጥራችንን ረግጦ ገባበት።
ዘበኛው ደሳለው ባትሪውን አብርቶ መልሶ አጠፋ፤
«ምን ላድርግ?» አለን ጠዋት፤ «የቤት ያህል ነው፣ ሲያኝክ ዝናብ ይመስላል፣ ለካ!»

ንጋት ላይ ደረስኩ። ዱካው ልክ እንደ ሰታቴ።
ስምንት ዓመቴ ጭቃ ውስጥ፤ ራደ ጉልበቴ።
ግን ቀስ ብሎ፣ እንደ ተማረ ሰው፣ መርጦ ነው የበላው፤
አሥራ ሁለትን አልፎታል፣ አሥራ ዘጠኝን ቀምሶ ተወው፣
የአባትየውን ረድፍ አሽትቶ እንዳለ ትቶ፣
ሠላሳ አንድን ግን ከሥሩ ግጦ፣ ችካሉን እንኳ ነክሶ፣ ጎትቶ።

ይርሳው ወሬውን ሰምቶ መጣ፤ አጥሩ ጋ ቆመ።
ዱካውን አየ። ሠላሳ አንድን አየ። ተመልሶ ደገመ።
ከዚያ ሳቀ፤ ሆዱን ይዞ፣ በትሩ ከእጁ እስኪወድቅ፣
እኔ ዕንባዬን ስጠርግ፣ እርሱ ከሳቁ ሳይላቀቅ፦
«ልጄ፣ ስለ በሬ ብጠይቅሽ ‹መሰለኝ› አልሽኝ፤
ይኸው የባሕሩ በሬ መጥቶ አረጋገጠልኝ!
ከዚህ ዘር ስንት ቀረሽ?»

ቀረኝ፤ በመሳቢያዬ ውስጥ፣ በቡኒ ፖስታ፣
መቶ አሥራ ስድስት ፍሬ፣ ከቁልፍና ከደረሰኝ ጋር፣ በጠበበ ቦታ።
እና ከቦዩ ዳር፣ ጉማሬው በዞረበት ጥግ፣
ሦስት ዛላ ቆሟል፤ ጭቃ እንጂ ያልነካው ዋግ።

በቅጹ ጠርዝ፣ ዓምድ በሌለበት፣ በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ገለባ፦ ይበላል።»
«በማን?» አለችኝ ባንቺአምላክ።
«ተይው» አልኳት፤ «ሐይቁ ያውቃል።»

አሁን አጥሩ እጥፍ ነው። ሲመሽ ደሳለው ቆርቆሮ ይደበድባል።
ይርሳው በየሳምንቱ በታንኳ ሰው ይልካል፦
«አንድ እፍኝ፣ ለሙከራ።»
ገና ነው እላለሁ፤ ገና አንድ መኸር፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የዋግ ወራት መከራ።
እርሱ ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው። ስንዴው ገና ስምንት።
ማን እንደሚቸኩል አውቃለሁ። ግን ወረንጦ አይሮጥም፤
ተንበረከክሁ፤ ትንፋሼን ዋጥሁት።