ሦስት ትርፍ ሊንክ

ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ከደረጃው ሥር፣
ቶነር የምትሸት ጠባብ አንዲት በር፤
«ልሳነወርቅ ትርጉም» ይላል ታፔላዋ፣
ልደት፣ ጋብቻና ፍቺ ነው ሥራዋ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ወጣት ወረቀቱን ዘርግቶ፣
ከመስመሮቹ መካከል አንዲት ቃል አንሥቶ፣
«ይቺን ሊንክ የምትለዋን
በአማርኛ አድርጊያት፣ ማኅተም አለበት» አለኝ።
«ማያያዣ» ብዬ ጻፍኩ፤
የወረቀት አግራፍ መሰለኝ።
«ሰንሰለት» ብል አሰረኝ፣
«ድልድይ» ብል ወንዝ አማረኝ፣
«ዝምድና» ብል ቃሉ ሰባት ቤት አስቆጠረኝ።

ልጁ ሳቀና፣ «ተዪው፣ ሊንክ ብለሽ፤
የማያውቀው የለም፣ ለምን ትደክሚያለሽ?»

እውነቱን ነው።
የሰርጉ ጥሪ በሊንክ፣ የለቅሶው ካርታ በሊንክ፤
ቀሚስ ያማራት ልጅ «ሊንኩን ላኪልኝ» ትላለች፤
በራችን ላይ የሚቆመው ደላላ
«ውስጥ ሊንክ አለኝ» ይላል፣
ሁለት ጣቱን አሻሽቶ፣
«ሊንክ የሌለው ሰው በወረፋ ያረጃል።»

በምሳ ሰዓት ወጣሁ፣ በቸርችል ሽቅብ፣
የአባቴን ሰዓት ይዤ፣ በነጭ መሐረብ።
ጥቁር አንበሳ በር ጋ ፊቴን አዞርኩ።

ጋሽ ኸይረዲን ድሮ ዶሮ ማነቂያ ነበር፤
ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ፣ ከካፌው ግንብ ዳር
ዣንጥላና ሳጥን፣ የአንድ ዓይን መነጽር።
«ሰፋኝ» አልኩት፤ እጄን አገላብጦ አየና
«ሦስት ሊንክ ይወጣል» አለኝ አቀርቅሮ እንደገና።
ያቺው ቃል! እዚህም ቀድማኝ ተቀምጣለች።
በመርፌው ጫፍ ሲገፋት ፒኗ ሾልካ ወጣች፤
ማሰሪያው ሁለት ሆነ።

አባቴ መስመር ሰጪ ነበር፣ በድሮው ቴሌ፤
ማዳመጫ አጥልቆ፣
«ሃሎ! ሃሎ ደምቢ ዶሎ! ሃሎ ባሌ!»
አንዱን ገመድ ነቅሎ አንዱን ሲሰካ፣
የማያውቃት እናት ከማያውቀው ልጅ ጋ
በጣቱ ስትነካካ፣
ይህችኑ ሰዓት እያየ፦
«ሦስት ደቂቃ ሞልቷል፤ ይቀጥላሉ ወይስ ልቁረጠው?»
ቤት ሲመጣ ግን ዝም ነው።
እራቱን በልቶ፣ ሬዲዮኑን አጥፍቶ፣ ዝም።
በቀን ሙሉ የሰው ወሬ ጆሮው ሞልቶ እንደሆን እንጃ፤
እኛም አልጠየቅነው።

መጨረሻ ላይ ብቻ፣ እዚያ ሦስተኛው ፎቅ፣
የኦክስጅኑን ጭንብል ገፋ አድርጎ፣
«መስመሩ ላይ ማን አለ?» አለ።
«እኔ ነኝ» አልኩት።
«እሺ፣ ይናገሩ» አለኝ፤
አንቱ ብሎ፣ እንደ ሥራው ወግ።
ምን ልናገር?
ሠላሳ ስድስት ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ
ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ
አንዱም ወረፋው አልደረሰውም።
ግድግዳው ላይ ሰዓት አልነበረም፤
ሦስት ደቂቃ ይሁን፣ አራት፣ አላውቅም።

«ሃምሳ ብር» አለ ጋሽ ኸይረዲን።
ሦስቱን ሊንኮች ዕጣ ባልደረሰው ሎተሪ ጠቀለለና
«አትጣያቸው» አለኝ፣ «ሰው ይወፍራል።
ደግሞም ነገ ለሌላ እጅ ይሆናል።»
«ጎረቤቶችህስ?» አልኩት።
«አንዱ ገላን፣ አንዱ አራብሳ፤ ፀጉር ቆራጩ የት እንደገባ እንጃ።
ዕድሩን ቴሌግራም ላይ አድርገነዋል፤
ሊንኩን ልላክልሽ?»
ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ ቀድሞ አቆመ።

ቁልቁል ስመለስ ሰዓቷ እጄን ይዛ፣
ሦስቱ ቦርሳዬ ውስጥ ከሳንቲም ጋር እየተንኳኩ፤
ምንም ከምንም አያገናኙ።

ቢሮ ገባሁና «ሊንክ» ብዬ ጻፍኩ፤
ማኅተሙን ረገጥኩበት።
ከዚያ ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ በትንሹ፦
«ይናገሩ።»

ልጁ በሩን ሲያንኳኳ
በላጲስ አጠፋሁት።