ቀብድ

ሃምሳ ሺህ ብር ቀብድ፣ ለነጯ ኮሮላ፤
ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ልቤ ዞረ ሌላ።
«ቀብድ ይበላል እንጂ መች ይመለስና!»
አለኝ ደላላው ሚፍታ፣ ጫት ቀነጠሰና።

አባ ፊጣን ግን «ብሩ አልሞላልኝም» ብዬ ዋሸሁት።
እውነቱ ሌላ ነው፤ ያን ቀን ስንሞክራት፣
አዌቱን ተሻግረን የጅሬን ዳገት ሲከብዳት፣
እንደ ላም ጀርባ ዳሽቦርዷን ዳብሶ
«አይዞሽ» ሲላት ሰማሁ፣ ድምፁን ቀንሶ።
እንዲህ የሚሏትን ምን ብዬ ልግዛት?

ሂርማታ፣ ደጃፉ፣ ሦስቴ ተመላለስኩ፤
አንዴ ሶላት ላይ ነው፣ አንዴ ቀብር ሄዷል፤
አንዴ እኔው አፍሬ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።
በአራተኛው ቀን ፌስታል ይዞ ወጣ፤
ላስቲኩ ያው የኔው፣ አንድ ኖት አልወጣ።
«ቁጠረው» አለኝ። አልቆጠርኩም።
ኮሚሽኑን ውሃ የበላው ሚፍታ
ፊቱን ወደ ግንቡ አዞረ።

ዝናቡም ወረደ፤ ጅማ ነው፣ አያስጠነቅቅም።
«ግባ፤ ጅሬን አይደል ቤትህ? ብሩ እንዳይረጥብ።»
ገባሁ፣ ባልገዛኋት መኪና፣ ፌስታሌን ታቅፌ።
በኔ በኩል ያለው መጥረጊያ አይሠራም፤
ይህንንም ገና ድሮ ነግሮኝ ነበር።
ዳገቱ ጋ ስንደርስ ማቃሰት ጀመረች።
እጁን ሳያነሳ ቀደምኩት፦
«አይዞሽ።»